የተከፈለው ብር የት ገባ? የጎጃም ገበሬና የሕክምና ወጪ

በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መኸር ወባ ከቆላው ወጥታ ወይና ደጋውን አዳረሰች። ዝናቡ በዝቶ፣ ሙቀቱም ከወትሮው ጨምሮ ስለነበር በሽታው ያረፈው አካሉ ባልለመደው ሕዝብ ላይ ነው። ወረርሽኙን ያጠኑ ባለሙያዎች በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደሞተ ገምተዋል። ለጎጃም ገበሬ ወባ አዲስ ስም አልነበረችም፤ ቆላ ወርዶ አርሶ ለአዳር ወደ ደጋ የሚመለሰው እሷኑ ሸሽቶ ነው። አዲስ የነበረው መንግሥት የገጠሩን ሰው ጤና የራሱ ጉዳይ አድርጎ መነሣቱና ለዚሁም ገንዘብ መጠየቁ ነው። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአሜሪካ እርዳታ ተቋቁሞ ዲዲቲ የሚረጩ ሠራተኞችን ማሰማራት ጀመረ። በእነዚያው ዓመታት ከመሬት ግብር ጋር አብሮ የሚሰበሰብ የጤና ግብር ተደነገገ፤ የትምህርት ግብር ከእሱ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ታውጆ ነበር። እንግዲህ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ በገበዝ ማርያም ዙሪያም ባለው ገጠር የሚኖረው ገበሬ ለዘመናዊ ሕክምና መክፈል የጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ከማየቱ በፊት ነው።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1947 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የተያዘው ሐሳብ ትክክለኛ ነበር፤ ሐኪም እስኪበዛ ከመጠበቅ ይልቅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ አሠልጥኖ በየአውራጃው ጤና ጣቢያ ማሰማራት። ገንዘቡ ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ሐኪሞቹም ሆስፒታሎቹም በብዛት የተሰባሰቡት አዲስ አበባና አሥመራ ላይ ሲሆን፣ ከመሬቱ ላይ ተሰልቶ የጤና ግብር የሚጠየቀው የገጠሩ ሰው ነው። በ1960 ጎጃም የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ ምክንያቱ የጤና ግብር ነበር ማለት ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ቁጣው መሬት ሊለካ፣ ርስት ሊነካ ነው ከሚለው ስጋትና ከጠቅላይ ገዢው ከደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር የመጣ ነው። ይሁንና ግብር ሰብሳቢውን በየዓመቱ እያየ ጤና ጣቢያ ያላየ አገር ሌላ ግብር ሲጨመርበት ምን እንደሚያስብ ለመገመት አያስቸግርም። ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ ገዢውን አነሡ፤ ውዝፍ ግብሩንም ማሩ። ምሕረቱ ጸጥታውን መለሰ፤ ክሊኒክ ግን አላስከተለም።

የአገራችን የጤና ወጪ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ሕዝቡ መክፈል ይችላል ወይ ተብሎ ነው። የጎጃም ገጠር ታሪክ የሚመሰክረው ሕዝቡ በየዘመኑ መክፈሉን ነው። በየዘመኑ የተበላሸው የተከፈለው ብር መድኃኒት ሆኖ ወደ ከፋዩ የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህን ስል የድህነቱን ጉዳይ ዘንግቼ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት አነጋገር ተለወጠ። በ1970 ማብቂያ አልማ አታ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ክብካቤ ሲጸድቅ ኢትዮጵያም ተቀበለች። ገበሬ ማኅበራት የጤና ወኪልና የልምድ አዋላጅ እየመረጡ ለሥልጠና ላኩ፤ በጉልበታቸውና በመዋጯቸውም ጤና ኬላ ሠሩ። መክፈል ያቃተው ከቀበሌው ማስረጃ አጽፎ በነፃ ይታከም ነበር። የዚህ ማስረጃ ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። የሚጽፈው ቀበሌ ከኪሱ ሳንቲም አያወጣም፤ የሚያክመው ሆስፒታል ደግሞ ስንት ሰው በነፃ እንዳከመ ቆጥሮ የሚተካለት የለም። ስለዚህ መጻፉ ቀላል፣ ማክበሩ ከባድ ሆነ። ጦርነቱ በጀቱን እየበላ ሲሄድ በነፃ የተመረመረው ሰው ማዘዣውን ይዞ በገንዘቡ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣ ጀመር። በሌላ በኩል ከካርድና ከመድኃኒት የሚሰበሰበው ክፍያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ተቋሙ ውስጥ አያድርም ነበር። በደረሰኝ ተቆጥሮ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል።

ይህ አሠራር ከደርግ ጋር አልወደቀም። በ1986 የወጣው የጤና ፖሊሲ መከላከልን አስቀድሞ ሥልጣኑን ወደ ክልል አወረደ። ጉዳዩን በቀጥታ የነካው ግን በ1990 የጸደቀው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው፤ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው ያስቀሩ አለ። ከወረቀት ወደ ሥራ እስኪወርድ ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ማውጣት ስለነበረባቸው ዓመታት ፈጀ፤ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ቀድመው በ1990ዎቹ ማብቂያ ጀመሩት። የለውጡን ክብደት ለማየት ከዚያ በፊት በነበረ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሰብ ይበቃል። ጓንት አልቆበታል። ካዝናው ውስጥ የሳምንቱ የካርድ ገቢ አለ። ያንን ብር ነክቶ ጓንት ቢገዛ ይጠየቅበታል፤ ብሩን ለፋይናንስ ገቢ አድርጎ ለጓንቱ ደግሞ ለወረዳው ደብዳቤ መጻፍ፣ መልሱን መጠበቅ አለበት። አዋላጇ በዚህ መካከል ባዶ እጇን ናት። ከሕጉ በኋላ የነዋሪው ተወካይም የሚቀመጥበት የተቋሙ ቦርድ ገቢውን ለመድኃኒት፣ ለላብራቶሪ ኬሚካልና ለጥገና ማዋል ቻለ። የክፍያው መጠን ያው ነው፤ የተለወጠው ብሩ የሚያድርበት ቦታ ነው። በእኔ ግምት ከ1950ዎቹ ወዲህ በጤናው ገንዘብ ላይ ከተደረጉ ለውጦች እንደዚህ በትንሽ ወጪ ብዙ የሠራ የለም፤ የሚያወሳውም ጥቂት ነው።

ተቃውሞው በጊዜው ተነሥቷል፣ ዛሬም አለ። ተቋሙ ከታማሚ በሚያገኘው ገቢ መኖር ከጀመረ ታማሚው የገቢ ምንጭ ይሆናል፤ በጎርጎርሳውያኑ 1987 ባማኮ ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ ያቀረቡ የአፍሪካ ጤና ሚኒስትሮችም ድሃውን ከጤና ጣቢያ አርቀዋል ተብለው ተወቅሰዋል። ወቀሳው መሠረት አለው። ለዚህም ነው ክትባት፣ ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና ከክፍያ ነፃ የተደረጉት፤ የእጅግ ድሃውን ወጪም ወረዳው እንዲሸፍን የተወሰነው። ይህ የደርጉን ዘመን ማስረጃ ጉድለት በመርህ ደረጃ አርሟል፤ ወረቀቱን የሚጽፈው አካል አሁን ሒሳቡም ይመጣበታል። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኛ መድቦ መከላከሉን በመንግሥት ደመወዝ ያዘ። ሆኖም ተቃዋሚዎቹ በአንድ ነገር አልተሳሳቱም። ለሕክምና የሚከፈለው በታመሙበት ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ የበሬ ወይም የላም መሸጫ ቀን ነው። የ2003 በጀት ዓመት ብሔራዊ የጤና ሒሳብ እንዳሳየው፣ ከአገሪቱ የጤና ወጪ ግማሽ ያህሉን ለጋሾች፣ ሲሶውን ታማሚዎች ከኪሳቸው፣ መንግሥት ግን 16 በመቶ ያህሉን ብቻ ሸፍነዋል። አይችልም የሚባለው ሰው ከመንግሥቱ እጥፍ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

በዚያው በ2003 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ተመረጡ። ከተማዋ ዱርቤቴ የሆነችው ደቡብ አቸፈር ያኔ የምዕራብ ጎጃም ዞን ወረዳ ነበረች፤ ስለዚህ የቡሬና የጃቢ ጠህናን ወረዳዎች ኋላ የገቡበትን ሥርዓት ጎጃም አስቀድሞ የፈተነው እዚያ ነው። አሠራሩ ለገጠሩ ሰው ባዕድ አልነበረም። መዋጮው የሚሰበሰበው እህሉ ተወቅቶ በርበሬው ተሽጦ ብር በእጅ በሚገባበት ወቅት ነው፤ ቤተሰቡ በአንድ ካርድ ይመዘገባል፤ ሲታመም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይገባል። የፌዴራል መንግሥት በሙከራው ዘመን በመዋጮው ላይ 25 በመቶ ይጨምር ነበር፤ የድሆቹን ደግሞ ክልሉና ወረዳው ተካፍለው ይከፍላሉ። ብዙዎች ዕድርን ይጠቅሳሉ፤ ምሳሌው የሚሠራው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። በዕድር ሲሞቱ የሚቀብረው ሰፈሩ ስለሆነ ያላዋጣና ያልቆመለት ይታወቃል። የመድኑ ካዝና ያለው ወረዳ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ሌላ ቦታ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ነው።

ውጤቱ ተጠራጣሪዎቹን አሳፍሯል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ቤተሰብ 41 ያህሉ አባል ሆኑ፤ ከአሥር ከስምንት የሚበልጡትም አባልነታቸውን አደሱ። በሙከራ ወረዳዎቹ የተካሄደ ጥናት መድኑ ወደ መንግሥት ጤና ተቋም የሚመላለሰውን ተመላላሽ ታማሚ ከ30 እስከ 41 በመቶ እንዳሳደገ፣ ዕዳ ውስጥ የሚገባውን ቤተሰብም እንደቀነሰ አሳይቷል። በኋላ ሥርዓቱ ከ1,000 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል። የጎጃም ገበሬ ለማያየው ነገር አስቀድሞ አይከፍልም የሚለው የከተማ ሰው ግምት በዚህ ወድቋል።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ስኬት ነው። ካርድ የያዘው ሰው እንደ ቀድሞው በሽታው እስኪጠና አይጠብቅም፤ በጊዜ ይመጣል፣ ደጋግሞም ይመጣል። ይህ ለጤናው መልካም ነው፤ ለወረዳው ካዝና ግን ሒሳቡ ከፍ ይላል። መዋጮው ባለበት ቆሞ የመድኃኒት ዋጋ ሲጨምር የክፍያ ጥያቄው ከገቢው በለጠ። ወረዳው የሆስፒታሉን ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ ይዘጋል ተብሎ ሳለ ያዘገያል። ሆስፒታሉ ብሩ ስላልገባለት ለመድኃኒት አቅራቢው መሥሪያ ቤት መክፈል ያቅተዋል። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው ይህ አቅራቢ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፤ ሸጦ በሰበሰበው ብር መልሶ ይገዛል። ያልተከፈለ ዕዳ ሲከማችበት የሚቀጥለው ግዢ ያንሳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሌባ መፈለግ አያስፈልግም፤ ሁሉም በየወንበሩ ሥራውን እየሠራ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ከመስኮቱ ፊት የቆመው አባል ካርዱን ያሳያል፣ ማዘዣውን ይሰጣል፤ የሚመለስለት ማዘዣ ላይ ከሦስቱ መድኃኒት በሁለቱ አጠገብ "የለም" ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱን ከግል መድኃኒት ቤት በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ለአንድ ሕክምና ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ አንዴ በጥር፣ አንዴ በታመመበት ቀን።

እዚህ ላይ ሥርዓቱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው የሚሉ አሉ። መድኑ በፈቃድ ከሆነ ጤነኛው ይቀራል፣ ሕመምተኛው ይገባል፤ ካዝናው መራቆቱ አይቀርም ይላሉ። እውነት አለው፤ ግን የጎጃምን መዋጮ ያራቆተው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማደስ የተዉት ሰዎች ጤነኞች ብቻ በሆኑ ነበር። አባልነታቸውን የሚተዉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት መድኃኒት ማጣትን ነው። መደርደሪያው ባዶ በሆነ ቁጥር ያላደሰው ይበዛል፣ ካዝናው ይሳሳል፣ መደርደሪያውም ይብስ ይራቆታል። ሌሎች ደግሞ ሁለት ጥማድ በሬ ያለውና መሬት ተከራይቶ የሚያርሰው እኩል ማዋጣታቸው ፍትሕ አይደለም ይላሉ። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሩዋንዳ አባላቷን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ አስከፍላለች፤ እኛም እንዳንችል የከለከለን የለም፤ ቀበሌው የማን ጎተራ ምን እንደያዘ ከማንም በላይ ያውቃል። የሚገርመው ግን ለገበሬው መድኑ ሲዘረጋ ለደመወዝተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድን እየተራዘመ ዓመታት መቆጠሩ ነው። ሠራተኛውም መንግሥትም ከደመወዙ ሦስት ሦስት በመቶ ይክፈሉ የሚለውን ሐሳብ የመንግሥት ሠራተኛው ተቃወመው፤ አገልግሎቱ ሳይሻሻል ደመወዛችን አይነካ አለ። መንግሥትም ሰማው። ገበሬው ያንኑ ሲል የሰማው የለም።

በ2015 ነገሩ ሁሉ ከሒሳብ ወጣ። በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ተባብሶ በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የከተማው ሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪል ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን ጥቃት ስለመድረሱ ተዓማኒ መረጃ እንደደረሰው አስታወቀ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2016 ማብቂያ በክልሉ የሕክምና ተቋማትና ባለሙያዎች ላይ የደረሰውን በዝርዝር አወጣ። ጦርነት ወጪን የሚያንረው በቁስለኛ ብቻ አይደለም። መዋጮ ሰብሳቢው ቀበሌ መውረድ ሲያቅተው የዓመቱ ካዝና ሳይሞላ ይቀራል። መንገድ ሲዘጋ የመድኃኒት መኪና ይቆማል፤ ከፍኖተ ሰላም 170 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ባሕር ዳር ሪፈር የተጻፈለት ሰው መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ሲከፈትም የትራንስፖርቱ ዋጋ ከሕክምናው ይበልጥበታል። ይህን ወጪ የትኛውም የመድን ሒሳብ አይመዘግበውም።

ሌላው ድንጋጤ የመጣው ከባንክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ ይገባልና መዋጮው በብር፣ መድኃኒቱ በዶላር ሆነው ተለያዩ። በዚያው የጎርጎርሳውያን 2024 ዓመት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የዓለም ጤና ድርጅት በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መዝግቧል፤ እንደ 1950ው ሁሉ ወባ የሥርዓቱን አቅም ለካች። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ፤ በ1951 የወባ ማጥፊያ ድርጅትን ያቋቋመው የገንዘብ ምንጭ በአንድ ትእዛዝ ሊቆም የሚችል እንደነበር ያኔ ያሰበ አልነበረም። በግንቦት ደግሞ ሐኪሞችና ነርሶች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ አቆሙ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል የብሩ መንገድ ነው ችግሩ ማለት ዋናውን መሸሽ አይሆንም? አገሪቱ ድሃ ናት፤ በ2012 በጀት ዓመት ለአንድ ሰው ጤና የወጣው 36 ዶላር ገደማ ሲሆን የዘርፉ አጥኚዎች ለመሠረታዊ አገልግሎት ቢያንስ ያስፈልጋል ያሉት 86 ነው። ብሩ በየትም ይሂድ፣ አይበቃም። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ የመንግሥት ድርሻ መጨመር እንዳለበትም አልከራከርም፤ የአፍሪካ መሪዎች በጎርጎርሳውያኑ 2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ለማዋል ቃል የገቡት ኢትዮጵያንም ጨምሮ ነው። ግን የዚያኑ የ2012 ሒሳብ ሌላውን ገጽ እንመልከት። አጠቃላዩ ወጪ 127 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር፤ 30 በመቶ ያህሉ ከታማሚው ኪስ በቀጥታ የወጣ ነው። ከ38 ቢሊዮን ብር በላይ መሆኑ ነው፤ በታመመበት ቀን፣ በየመስኮቱ፣ በየግል መድኃኒት ቤቱ የተከፈለ። ይህ ገንዘብ በአገሪቱ አለ፤ ቀድሞ ወደ መድኑ ያልገባው መድኑ መድኃኒት ስለማያስገኝለት ነው።

አሁን የተያዘው መፍትሔ የወረዳዎቹን ካዝና ወደ ላይ ሰብስቦ አንድ ማድረግ ነው። ሩዋንዳ በጎርጎርሳውያኑ 2015 ይህንኑ አድርጋ የየአውራጃውን መዋጮ ለአንድ አገር አቀፍ ተቋም አስረከበች። ከሒሳብ አንጻር ትክክል ነው፤ ወባ የበዛባት አንዲት ወረዳ ብቻዋን አትከስርም። በሌላ በኩል ብሩ ከጎጃም ወጥቶ እንዳይመለስ የሚሰጋው ሰው ስጋቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተጻፈ ታሪክ አለው፤ ሐሳቡን ወደ ኋላ ቀርነት መቁጠር ስንፍና ነው። የካዝናው ስፋት ሳይሆን የክፍያው ቀን ነው የሚለየው። የሆስፒታሉ ሒሳብ በደረሰ በተወሰነ ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ገንዘቡ ከባለዕዳው በጀት ተቀንሶ በቀጥታ ለመድኃኒት አቅራቢው እንዲገባ በሕግ ቢደነገግ፣ የየጤና ጣቢያው ያልተከፈለ ሒሳብም በየሩብ ዓመቱ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀበሌ ቢለጠፍ፣ ካርዱን ለማሳደስ በጥር የሚሰለፈው ገበሬ ባለፈው ዓመት ያዋጣው ብር የት እንደቆመ አንብቦ ይወስናል።